የአልጋ ሠንጠረዤን ያስጠገንኩባት ቤት፦ ደብረ ብርሃን፣ ከአምስት አራት ኮከብ

መጀመሪያ ጣጣውን ልንገራችሁ፣ ከዚያ ወደ ቤቷ እንመጣለን።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ዘጠኝ ክፍል ያላት ፔንሲዮን አለችኝ። ትንሽ ናት። ግን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ፣ የደሴ መንገድ ላይ ስለሆንን እንግዳ አይጠፋም። አንኮበር የሚሄድ አለ፣ መንዝ ጓሳ ጭላዳ ሊያይ የሚወጣ አለ፣ ጻድቃኔ ማርያም ጠበል የሚሄድ አለ፣ ጣርማበርን ጉም ይዞታል ሲባል «ነገ ጠዋት ይሻላል» ብሎ የሚያድር ሾፌር አለ። ጥር ሲሆን ደግሞ ሠርጉም ጥምቀቱም ተደራርቦ ይመጣል።

ድሮ በደብተር ነበር የምንመዘግበው። ከሁለት ዓመት በፊት ዘመናዊ ልሁን ብዬ ዌብሳይት አሠራሁ። 25 ሺህ ብር ከፈልኩ። የሠራውን ሰው ስም አልጠራም፣ ስልኩም ከጠፋ ቆይቷል። ዌብሳይቱ ላይ ትልቁ ነገር የአልጋ መመዝገቢያ ሠንጠረዥ ነው። ወደ ታች ዘጠኙ ክፍል፣ ወደ ጎን ቀኖቹ። ክፍል ሲያዝ እንግዳው በሚያድርባቸው ቀኖች ላይ ባለቀለም ረጅም ምልክት ይለጠፋል። ሪሴፕሽን ያለችው ልጅ ገና እንዳየችው «መቀነት ይመስላል» አለች፣ ስሙ መቀነት ሆኖ ቀረ። እኔም መቀነት ነው የምለው፣ እዚህም እንደዚያው እጽፋለሁ።

ባለፈው ጥር 7 አንድ ብልጠት ሠራሁ። «ለጥምቀት በዓል ክፍል የሚይዙ ቅድሚያ ክፍያ ይክፈሉ» የሚል ማስታወቂያ ከሠንጠረዡ በላይ ጻፍኩ። ሁለት መስመር ናት። ያችን ሁለት መስመር ስጨምር ሠንጠረዡ ልክ የአንድ ረድፍ ያህል ወደ ታች ወረደ። መቀነቶቹ ግን አልወረዱም፣ እዚያው ቀሩ! የ4 ቁጥር መቀነት 3 ቁጥር ላይ ተቀመጠ፣ 5 ቁጥር ባዶ ስለነበረ 4 ቁጥር ባዶ መሰለ። የ1 ቁጥር ደግሞ ቀኖቹ የተጻፉበት ላይ ወጥቶ ተንጠለጠለ፣ ልጅቷ አይታው ለበዓል ያጌጠ ነው የመሰላት።

በከተራ ማታ ሁለት ቤተሰብ፣ አንድ 4 ቁጥር። አንዱ ከነሻንጣው ገብቶ ልጆቹን አስተኝቷል፣ ሌላው ከሳምንት በፊት የከፈለበትን መልእክት እያሳየኝ በር ላይ ቆሟል። የደብረ ብርሃንን የጥር ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። ሰው ውጭ አይመለስም። የራሴን መኝታ ቤት ለቀቅኩና ወንበር ላይ በጋቢ ተጠቅልዬ አደርኩ። በማግስቱ ታቦቱን ያጀብኩት አንገቴ አልዞር ብሎኝ ነው።

እንግዲህ ከጥምቀት በኋላ ነው ይህችን ቤት ያገኘኋት። መናኸሪያው አካባቢ ናት። ስታዩዋት ፎቶ ኮፒ ቤት ናት በቃ። ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ሲቪ ታዘጋጃለች፣ ሞባይል ላይ ቴሌግራም ትጭናለች። ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ባለቤቷ ራሷ ለምናኛለች፣ ሥራ በዝቶብኛል ብላ። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

ባለቤቷ ወጣት ናት፣ ኮምፒውተር እዚሁ ከተማ ነው የተማረችው። ቁጭ ብዬ ታሪኬን ስነግራት ኮዱን ክፈትልኝ ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን «ጋሼ፣ እንግዳ ስንት ሰዓት ይገባል? ስንት ሰዓት ይወጣል?» አለችኝ። ከ8 ሰዓት በኋላ ይገባል፣ እስከ ጠዋት 4 ሰዓት ይወጣል አልኳት። ጻፈችው። እኔ በውስጤ ይቺ ልጅ ጥያቄው አልገባትም አልኩ። በኋላ ስመጣበት ታያላችሁ።

ከዚያ ያደረገችውን አልረሳውም። ጠረጴዛዋ ላይ እንደ ቢሮ ጠረጴዛ መስታወት አለ፣ ከሥሩ የሰው ፓስፖርት ፎቶና የዋጋ ዝርዝር ይከታል። አንድ ወረቀት ላይ በማስመሪያ ሠንጠረዥ ሠራችና መስታወቱ ሥር አስገባችው። ከዚያ ቢጫ ተለጣፊ ወረቀት ቆርጣ ከላይ መስታወቱ ላይ ለጠፈች፣ ልክ በ4 ቁጥር ትይዩ። «ትክክል ነው?» አለችኝ። ትክክል ነው። ወረቀቱን ከሥር በሁለት ጣቷ ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። ሠንጠረዡ ሄደ፣ ቢጫዋ እዚያው ቀረች፣ 3 ቁጥር ላይ። «የእርስዎ ዌብሳይት ይሄው ነው» አለች። ያን ሰውዬ 25 ሺህ ብር ከፍዬው ያላስረዳኝን በተለጣፊ ወረቀት ጨረሰችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድን ነገር ከሌላው በላይ ደርቦ ለማስቀመጥ የድረ ገጽን መልክና አቀማመጥ በሚያዝዘው ቋንቋ፣ በሲኤስኤስ፣ «ፖዚሽን አብሶሉት» የሚባል አለ። እንዲህ የተባለ ነገር ከራሱ በላይ ካሉት መካከል ፖዚሽን የተሰጠውን የቅርቡን ወላጅ ይፈልግና ከእሱ ጥግ ነው ርቀቱን የሚለካው። እንደዚያ ዓይነት ወላጅ ካጣ ከገጹ ከራሱ ይለካል። የእኔ መቀነቶች ጭራሽ ከሠንጠረዡ ውጭ ነው የተጻፉት። ሰውዬው በራሱ ስክሪን ላይ ለክቶ፣ ከገጹ አናት ይህን ያህል ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) ወደ ታች፣ ከግራ ይህን ያህል ብሎ ቁጥር ደርድሮ ሄደ። በእሱ ላፕቶፕ ላይ ያምራል። በስልክ ሲከፈት ዓምዶቹ ስለሚጠቡ ቀኑ ሁሉ ይንሸራተታል፣ ለካ ስልክ ላይ ሁልጊዜ «ተሳስቷል» እያልን ኮምፒውተሩ ላይ እናመሳክር የነበረው ለዚህ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ኔትወርኩን ስረግም ነበር።

መድኃኒቱ መቀነቱን በራሱ ሴል፣ ማለትም በሠንጠረዡ አንዷ ሳጥን ውስጥ መጻፍና ለሴሉ «ፖዚሽን ሪላቲቭ» መስጠት ነው። ያኔ መለኪያው የሴሉ ጥግ ይሆናል። ሴሉ ሲወርድ ይወርዳል፣ ሴሉ ሲጠብ ይጠባል። ተለጣፊዋን ከመስታወቱ ላይ አንስቶ ወረቀቱ ላይ መለጠፍ ማለት ነው።

ይቺን ያህልማ ማንም ያውቃል የሚል ባለሙያ ይኖራል። እሺ። ግን እዚህ ላይ አንድ ጉድ ተከሰተ። ሠርታ ላከችልኝ፣ በስልኬ ከፈትኩት፣ ጎሽ። ሪሴፕሽን ባለው ኮምፒውተር ስከፍተው ሁሉም መቀነት ከገጹ አናት ላይ ተቆልሏል፣ አንዱ በአንዱ ላይ፣ ወርዱ ከስክሪኑ አልፎ። ደወልኩላት። «ፋየርፎክስ ነው? ቁጥሩ ስንት ይላል?» አለች። ፋየርፎክስ ድረ ገጽ የምንከፍትበት ፕሮግራም፣ ብሮውዘር የሚሉት ነው፤ 29 ይላል። ስልኩ ውስጥ ስትስቅ ሰማኋት።

ምክንያቱን መጥታ ነገረችኝ። የሲኤስኤስ 2.1 ደንብ፣ በፈረንጆቹ 2011 የጸደቀው፣ «ሪላቲቭ» በሠንጠረዥ ሴልና ረድፍ ላይ ምን እንደሚያደርግ አልወሰነም፣ አልተደነገገም ብሎ ነው የተወው። ስለዚህ ብሮውዘሮቹ እንደየፍላጎታቸው ሆኑ። ፋየርፎክስ ለብዙ ዓመት ሴል ላይ የተጻፈውን «ሪላቲቭ» እንዳላየ ያልፈው ነበር። ማወቅ የጀመረው በ30ኛው እትም፣ ጁን 2014 ላይ ነው። የእኔ ደግሞ 29! በአንዲት ቁጥር ተቀደምኩ። ኮምፒውተሩን ተጠቅሞበት የሸጠልኝ ሰው አንድም ቀን አላደሰውም፣ እኔም አላደስኩም፣ ይሠራል ብዬ።

የዱሮ ባለሙያዎች ለዚህ ዘዴ ነበራቸው። በየሴሉ ውስጥ ዲቭ የሚባል አንድ ተጨማሪ ሳጥን ይጨምሩና «ሪላቲቭ»ን ለሴሉ ሳይሆን ለዲቩ ይሰጣሉ። ይሠራል። ጣጣው ግን ዲቩ የሴሉን ቁመት በራሱ አይሞላም፣ በውስጡ ያለውን ያህል ብቻ ነው የሚረዝመው። በአንድ ረድፍ የአንዱ እንግዳ ስም ረዝሞ ሁለት መስመር ከሆነ ረድፉ ይወፍራል፣ የሌሎቹ ዲቮች ግን ቀጭን ሆነው መሐል ላይ ይቀራሉ፣ መቀነቱም አብሮ። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጅ ይህን ዘዴ አልወደደችውም። «ለ270 ሴል 270 ዲቭ ልጨምር? ብሮውዘሩን ባድስልዎ አይሻልም?» አለች። አደሰችው። ለማደስ አላስከፈለችም፣ ይህን ጻፉልኝ።

አሁን ወደ ሰዓቱ ጥያቄ ልመለስ።

የድሮው ሠንጠረዥ ላይ እንግዳ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ካደረ መቀነቱ ሰኞን ሙሉ፣ ማክሰኞን ሙሉ፣ ረቡዕን ሙሉ ይሸፍን ነበር። ሐሙስ ጠዋት ይወጣል። ሐሙስ ላይ ሊሸፍን ይገባል ወይስ አይገባም? ከተሸፈነ ሐሙስ ከሰዓት የሚመጣ እንግዳ ክፍል የለም ይባላል። ካልተሸፈነ ሐሙስ ማለዳ 1 ሰዓት ላይ ከአውቶቡስ የወረደ ሰው ክፍሉ ባዶ መስሎት ይመጣል። እኛ በቃል ነበር የምናስተካክለው። እሷ መቀነቱን ከሴሉ ግማሽ ላይ አስጀመረችው፦ ከግራ 50 በመቶ። መጨረሻውም በሚወጣበት ቀን ሴል ግማሽ ላይ ነው። በአንድ ቀን ሴል ውስጥ የወጪው ጫፍና የገቢው ጫፍ ሳይደራረቡ ይገናኛሉ፣ ግማሽ ለአንዱ ግማሽ ለሌላው። የሆቴል ሰው ካላችሁ ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ይገባችኋል። ለካ ያን ቀን ስንት ሰዓት ይገባል ያለችኝ ለዚህ ኖሯል፣ በሆዴ ያማኋትን ይቅር ይበለኝ።

ርዝመቱም በሴል ነው የሚሰፈረው። ሦስት ሌሊት ከሆነ የሴሉ 300 በመቶ ሲደመር 3 ፒክስል። ሦስቱ ፒክስል ምንድን ነው አልኳት። በመቶኛው የሚለካው ከሴሉ ድንበር ውስጥ ያለውን ብቻ ነው፣ በሴሎቹ መካከል ያለችው ቀጭን መስመር አትቆጠርም። ሦስት ቀን ሲያልፍ ሦስት መስመር ያልፋል። ለሦስት ሌሊት እንግዳ ማን ያያታል? ለ20 ሌሊት እንግዳ ግን 20 ፒክስል ይጎድላል፣ ስልክ ላይ የእኔ ሴል 40 ፒክስል ነው፣ የግማሽ ቀን ስህተት ሆነ ማለት ነው። የፋብሪካ ማሽን ሊተክሉ የሚመጡ ሰዎች ደግሞ 20 ሌሊት ማደር ብርቃቸው አይደለም።

ለዚህ ሁሉ ዓምዶቹ እኩል መሆን አለባቸው። ሠንጠረዥ በባሕርዩ እንደያዘው ጽሑፍ ነው የሚሰፋው የሚጠበው፣ ውስጡ ብዙ የተጻፈበት ይሰፋል፣ ባዶው ይጠባል። «ቴብል ሌይአውት ፊክስድ» የሚባለውን አድርጋ፣ ለሠንጠረዡ ወርድ ሰጥታ እኩል አካፈለችው። ይህቺን ብትረሳ መቶኛው ሁሉ ከንቱ ነበር።

መደራረቡ ላይም ትንሽ ታገለች። የመጀመሪያ ሙከራዋን አሳየችኝ፣ መቀነቱ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ይታያል፣ ወደ ቀጣዩ ቀን ሲሻገር ይጠፋል። ምክንያቱ ሁሉም ሴል «ሪላቲቭ» ስለተባለ እኩል ደረጃ ላይ ናቸው፣ እኩል ከሆኑ ደግሞ በኋላ የተጻፈው ከላይ ይሆናል። የማክሰኞ ሴል ከሰኞ በኋላ ስለተጻፈ ከነቀለሙ መጥቶ የሰኞን መቀነት ጅራት ይሸፍነዋል። ስለዚህ ለመቀነቱ «ዚ-ኢንዴክስ» የሚባለውን የመደራረብ ደረጃ 1 ሰጠችው። ለመቀነቱ ብቻ፣ ለሴሉ አይደለም። ለሴሉ ከተሰጠ ሴሉ የራሱን አጥር ያጥራል፣ መቀነቱ 1 ሚሊዮን ቢባል እንኳ አጥሩ ውስጥ ነው የሚጮኸው፣ የጎረቤት ግቢ ገብቶ አያዝም። የድሮው ሰውዬ 99999 ጽፎ ነበር። ለማን እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

ከዚያ በላይ የክፍል ቁጥሮቹ ዓምድ አለ። ስልክ ላይ ወደ ጎን ስትስቡ የክፍሉ ቁጥር እንዳይጠፋ በግራ ተጣብቆ ይቀራል፣ «ስቲኪ» ይሉታል። እሱ 2 ተሰጠው፣ መቀነቶቹ ከሥሩ ሾልከው እንዲያልፉ። ለተጣባቂው ዓምድ ነጭ ጀርባ ካልተሰጠው ከሥር የሚያልፈው መቀነት በመስታወት እንደሚታይ ይታያል፣ ቁጥሩም አይነበብም። የማዕዘኗ ሴል፣ ወደ ጎንም ወደ ታችም የምትጣበቀው፣ 3 ሆነች። አለቀ፣ 1፣ 2፣ 3።

መስመሮቹ ግን መጀመሪያ አበሳጩን። ዓምዱ ተጣብቆ ሲቀር የሴሎቹ መስመር አብሮ አይቀርም፣ ተሸብልሎ ይሄዳል። የሴሎች ድንበር እርስ በርስ ተዋህዶ አንድ መስመር እንዲሆን ሲታዘዝ እንዲህ ይሆናል። ድንበሮቹን ለየችና በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ዜሮ አደረገችው። መልኩ ያው ነው፣ ግን አሁን አይሸሽም።

የቀን ነገርም አለ። የድሮው ሠንጠረዥ 31 ዓምድ ነበረው። ጥር 31! አንዴ የካቲት 1 የሚመጣ እንግዳ ጥር 31 ላይ ተመዝግቦ ሁለት ቦታ ስንፈልገው ዋልን። አሁን 30 ናቸው፣ ጳጉሜ ላይ 5፣ በየአራት ዓመቱ 6። ብሮውዘሮቹ ራሳቸው የእኛን ዘመን አቆጣጠር መቁጠር እንደሚችሉ አላውቅም ነበር፣ መጠየቅ ብቻ ነው የሚፈልጉት። ለጨዋታ ጳጉሜን ከፍቼ አየሁት። 5 ዓምድ ብቻ ስለሆነ ሴሎቹ እንደ በር ሰፍተዋል፣ የሙከራ እንግዳ አስገባሁ፣ መቀነቱም እንደዚያው ሰፍቶ ከግማሽ ጀምሮ ግማሽ ላይ ቆመ። ብቻዬን ሳቅኩ።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር፣ አምስት ኮከብ ያልሰጠሁት በምክንያት ነው።

አንደኛ፣ አራት ቀን ያለችው 11 ቀን ፈጀ። መሐል ላይ ስደውል «ነገ ጋሼ» ትላለች። የነገ ነገ አለው። የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ የሚታተምበት ሰሞን ስለነበር ይገባኛል፣ ግን ቀኑን መጀመሪያ በሐቅ ብትነግረኝ እመርጥ ነበር።

ሁለተኛ፣ ካርዱ። መቀነቱን ስትነኩት የእንግዳው ስም፣ ስልኩ፣ የከፈለው የተጻፈበት ትንሽ ካርድ ይወጣል። መጀመሪያ ካርዱን ከመቀነቱ ጋር በሴሉ ውስጥ አሰረችው። ለ1 ቁጥር ለ2 ቁጥር ጥሩ ነው። የ9 ቁጥርን ስነካው ግማሹ ተቆርጦ ታየ። ሠንጠረዡ ስልክ ላይ ወደ ጎን እንዲሳብ በሚሸበለል ሳጥን ውስጥ ነው ያለው፣ ሳጥኑ ደግሞ ወደ ጎን ብቻ ተሸብለል ብትሉትም ወደ ታች የሚተርፈውንም አያሳልፍም፣ በውስጡ ያስቀረዋል። «ዚ-ኢንዴክስ» እዚህ አያድንም። ስለዚህ ካርዱን ከሠንጠረዡ አውጥታ «ፖፕኦቨር» በሚባለው አደረገችው፣ እሱ ከገጹ ሁሉ በላይ ባለ የራሱ ደረጃ ላይ ነው የሚወጣ፣ ምንም አይቆርጠውም።

ሲወጣ ግን ከሴሉ ጋር የነበረው ዝምድና ተቋረጠ። አሁን ለካርዱ ቦታውን የሚነግረው ሌላ መንገድ ነው የሚያስፈልገው። «አንከር ፖዚሽኒንግ» የሚባል አዲስ ነገር አለ፣ ካርዱ ከሴሉ ርቆ ተቀምጦም ከሴሉ ጋር እንዲታሰር ያደርጋል፣ ክሮም በሚባለው ብሮውዘር ከ125ኛው እትም፣ ከሜይ 2024 ጀምሮ ይሠራል። የእኔ ስልክ ግን አሮጌ ነው፣ የሪሴፕሽኗም እንደዚሁ። ስለዚህ በጃቫስክሪፕት፣ ገጹን በሚያንቀሳቅሰው የኮድ ቋንቋ፣ ሴሉ በዚያች ሰዓት ስክሪኑ ላይ የት እንዳለ ትጠይቅና ካርዱን እዚያ ታስቀምጠዋለች። በዚያች ሰዓት ነው እንግዲህ። ካርዱ ክፍት እያለ ገጹን ወደ ላይ ብትስቡት ሴሉ ይሄዳል፣ ካርዱ አየር ላይ ይቀራል። ያው መስታወቱ ላይ እንደቀረችው ቢጫ ተለጣፊ። ይህን ስነግራት ትንሽ አፈረች፣ ገጹ ሲንቀሳቀስ ካርዱ እንዲዘጋ አደርጋለሁ ብላለች። እስካሁን አላደረገችም።

ሦስተኛው አሁን ተስተካክሏል ግን ልጻፈው፣ ለሌላ ሰው ይጠቅማል። መብራት ሲሄድ የምንሠራው በወረቀት ስለሆነ ሠንጠረዡን በየጠዋቱ እናትመዋለን። የመጀመሪያው ቀን ስናትመው መቀነት የሚባል የለም! ስም ብቻ አየር ላይ ተንሳፍፎ ይታያል፣ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ አይታወቅም። ብሮውዘሮች ቀለም ለመቆጠብ የጀርባ ቀለምን ሳያትሙ ያልፉታል ለካ። እንዲያትሙ የሚያዝ አንድ መስመር ጨመረች፣ ላዩ ላይ ደግሞ ለመቀነቶቹ ጥቁር ጠርዝ አደረገችላቸው፣ ቀለም ያለቀበት ፕሪንተርም ቢሆን ይታያል። ይህን ግን ከእኔ መስማት አልነበረባትም፣ የመብራቱን ነገር እሷም እዚሁ ከተማ ናት የምትኖረው።

ዋጋው 6 ሺህ ብር ነው፣ በደረሰኝ። ከዚያ ውስጥ ግማሹን አስቀድማ ተቀብላለች። ውድ ነው ርካሽ ነው ለማለት መወዳደሪያ የለኝም፣ ከ25 ሺህው ጋር ሳወዳድረው ግን ያንን ገንዘብ ሳስበው ያመኛል። ሥራዋን ስታስረክብ ኮዱን በፍላሽ ሰጠችኝ፣ የትኛው መስመር ምን እንደሚሠራ በአማርኛ ጽፋበታለች። ይህን የሚያደርግ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ነገ እሷም ስልኳን ብታጠፋብኝ ሌላ ሰው ሊያነበው ይችላል።

ለማን ትሆናለች? እንደ እኔ የተበላሸ ነገር ይዞ ለመጣ። ቸኩሎ ለመጣ አትሆንም። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት በኋላ ተማሪው ይሞላትና መቆሚያ አይገኝም። ስትሄዱ ኮምፒውተሩን ብቻ ሳይሆን ቤታችሁ ውስጥ በየቀኑ የምትጠቀሙበትን ስልክ ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ አሮጌውንም።

ትናንት ለፋሲካ አዲስ ማስታወቂያ ጻፍኩ። አውቄ ነው፣ ረዘም አድርጌ፣ ሦስት መስመር። ሠንጠረዡ ወረደ። መቀነቶቹም አብረው ወረዱ፣ አንዷም አልቀረችም። የሪሴፕሽኗን ልጅ ጠርቼ አሳየኋት። እሷ ግን አየት አደረገችኝና ደብተሩን ከመሳቢያ አወጣች፣ ከ1 ቁጥር ጀምራ ዘጠኙንም ክፍል በጣቷ እየነካች አንድ በአንድ አመሳከረች።